ኮርቻ የሆነው ጠረጴዛ

ባለቤቴ ውባለም «ተቀመጥ» ትለኛለች። ጠዋት ትለኛለች፣ ምሳ ላይ ትለኛለች፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም ትለኛለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በቤታችን ከዚህ ቃል የበለጠ የተነገረ ቃል የለም። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልበትም። የጓዳውን በር ሳይጣበቅ ላግሁት፤ አሁን ነፋስ ያስገባል። የጎረቤታችንን አልጋ ሳይጠሩኝ ሄጄ እግሩን አጠበቅሁ። የእንጅባራ ጉም ከሰፈሩ ሳይነሣ እኔ ተነሥቼ ግቢውን እዞራለሁ። እጄን ይበላኛል።

«መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች። «ዕድሜህን ሙሉ ለሰው ወንበር ስትሠራ ኖረህ አንዱ ላይ እንኳ ማረፍ ያቅትህ?»

እውነቷን ነው። ስሜ አስማረ ነው። ዳንግላ ላይ ግን «አስማረ መስታወቱ» ካላላችሁ የሚያውቀኝ የለም። እንዲያ ካላችሁ ደግሞ ያገኛችሁት ጋሪ ነጂ ሁሉ ታሪኬን ጨምሮና ቀምሞ ይነግራችኋል። ስሙን ያወጣልኝ አንድ ጠረጴዛ ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስሸሸው የኖርሁት ያ ጠረጴዛ፣ አርፌ ልቀመጥ ባልሁበት ዓመት ባጃጅ ተሳፍሮ ደጄ ድረስ መጣ። እንዲያው ሰው ከሚነግርልኝ እኔው ልናገረው።

ሙያውን የተማርሁት ዳንግላ፣ ከአያ ይርሳው ነው። አያ ይርሳው የባላገር ሰው ናቸው፤ አናጺ ከመሆናቸው በፊት ኮርቻ ይሠሩ ነበር። በእኛ አገር ፈረስ ትልቅ ነገር ነውና ኮርቻ ሠሪ ይከበራል። ከተማ ገብተው ወንበርና አልጋ መሥራት ሲጀምሩ ግን ሰው «ፈረስ ሲጠፋ ሰው ሊጭኑ መጡ» እያለ ይቀልድባቸው ጀመር። እሳቸው ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። እንጨት ሲለኩ በአዊኛ ይቆጥራሉ፤ ለደንበኛ በአማርኛ ይመልሳሉ፤ ከእንጨቱ ጋር ሲጣሉ ደግሞ ወደ አዊኛቸው ይመለሳሉ።

ኮርቻ ሠሪ እንጨት አያጎብጥም፤ ጎብጦ ያደገ እንጨት ይፈልጋል። አያ ይርሳው ዋንዛ ሲያዩ ዓይናቸው የሚሄደው ወደ ግንዱ አልነበረም። ቅርንጫፉ ለሁለት የሚከፈልበትን መንታ ቦታ ነበር የሚያዩት። ከዚያ የወጣ እንጨት ጅማቱ ከነጉብጠቱ ስለሚሄድ ፈረስ ቢወድቅበት እንኳ አይሰነጠቅም። ቆርጠው ካመጡ በኋላ ሁለቱን ጫፍ እበት ይቀቡታል፤ አለዚያ ውሃው በጫፉ ቶሎ ወጥቶ ይተረትረዋል። ከዚያ ከጣራው ክፈፍ ሥር ያንጠለጥሉትና ይረሱታል። እኔ ግን አልረሳውም። «አያ ይርሳው፣ ይኸ አልደረቀም እንዴ?» እያልሁ በየቀኑ እነዘንዛቸዋለሁ።

ያወርዱትና ጉንጫቸው ላይ ያስጠጉታል። ከቀዘቀዛቸው ገና ውሃ አለው ማለት ነው፤ መልሰው ይሰቅሉታል።

«በእጅዎ አያውቁትም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«እጅ ይዋሻል። ሥራ ለመጀመር ቸኩሏላ። ጉንጭ ምን ጨነቀው?»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሠርተን የጨረስነው ማናቸውም ነገር እሳቸው ሳይቀመጡበት ከቤት አይወጣም። ወንበሩስ ይሁን። አልጋ ላይ ይቀመጣሉ፣ የልብስ ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ፤ ቁም ሣጥን እንኳ አጋድመው ይቀመጡበታል። ዓይናቸውን ጨፍነው እግራቸውን ይለቁና ዝም ይላሉ። ከኮርቻ ሥራ ያመጡት ጠባይ ነው። ሲነሡ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ወይ «ይሂድ»፣ ወይ «ይነክሳል»። «ይነክሳል» ካሉ ቀኑን ሙሉ የሚነክሰውን ቦታ ስንፈልግ እንውላለን።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ልጇን ልትድር ስትሰናዳ አንድ መጽሔት ይዛ መጣች። ገጹ ላይ የአንድ ፈረንጅ ቤት ሳሎን ይታያል፤ መሐሉ ላይ ከታች የተጠማዘዘ እንጨት፣ ከላይ መስታወት ብቻ የሆነ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ተቀምጧል። እግር የለው፣ ሚስማር የለው፣ መስታወቱ አየር ላይ የቆመ ይመስላል።

«እንዲህ ያለ ሥሩልኝ፤ በልጄ ቅልቅል ዕለት ዳንግላ ጉድ ትበል» አለች።

አያ ይርሳው መጽሔቱን ገልብጠው አዩት። «ይኸ የአስማረ ሥራ ነው» ብለው ሰጡኝ። ሰማይ የነካሁ መሰለኝ። እንጨቱ እንዴት እንደተያያዘ ከሥዕሉ አይታወቅም። ስዞር ስዞር ከጣራው ሥር ለኮርቻ የተሰቀሉትን ሁለት መንታ ዋንዛዎች አየሁ። አንዱን አቆምሁት፣ አንዱን ገልብጬ ሆዱን ከሆዱ ገጠምሁት፣ መሐላቸው ላይ በአንዲት የወይራ ችንካር አጣበቅኋቸው። መስታወቱ በቆመው ሁለት ጫፍና በተገለበጠው አንድ ጫፍ፣ ሦስት ቦታ ላይ ያርፋል፤ በሦስት ያረፈ ነገር አይንገዳገድም። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አሽቼ ሰም ሳጠጣው የዋንዛው ጅማት እንደ ፈረስ አንገት ጎልቶ ወጣ። እስካሁን ድረስ ከሠራሁት ሁሉ እንደሱ የወደድሁት የለም።

አያ ይርሳው ዙሪያውን ዞሩት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከመስታወቱ ጋር ለኩት።

«ከጉልበት በታች ነው» አሉ። «በእኛ አገር ከጉልበት በታች ያለ ነገር ሁሉ መቀመጫ ነው። ከፍ አድርገው።»

«የሳሎን ጠረጴዛ እኮ እንዲህ ነው አያ ይርሳው። ሥዕሉን ይዩት።»

«ሥዕሉ ላይ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ሰው ለማይገባበት ቤት የተሠራ ነው።»

«ከፍ ካደረግሁት ውበቱ ይጠፋል።»

«እኔ ያልተቀመጥሁበት ሥራ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

«መስታወት ላይ እንዴት ይቀመጣሉ?»

«እኔስ የምልህ ይኸንኑ አይደል?» አሉና ወጥተው ሄዱ። ክርክር አይወዱም። ቅልቅሉ ደርሶ ነበር፣ እኔም ወጣት ነበርሁ፤ ጠረጴዛው በጋሪ ተጭኖ ሄደ። መስታወቱ በዚያ ጊዜ ዳንግላ የተገኘው ወፍራሙ ነው፤ ወፍራም ስላችሁ ግን የመስኮት መስታወት ነው።

በቅልቅሉ ዕለት እኔም ተጠርቼ ስሄድ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠረጴዛዬን ዳንቴል አልብሳዋለች። አቧራ እንዳይነካው ብላ ነው፤ በደንብ የተወደደ ዕቃ በአገራችን የሚያገኘው ክብር ይኸው ነው። ወለሉ ሊደርስ ጥቂት ብቻ እስኪቀረው ነጭ ዳንቴል ወርዶበታል። መስታወት መሆኑን የሚያውቅ ሰው እኔና እሷ ብቻ ነበርን ማለት ይቻላል። ላነሣው አሰብሁ፤ የሰው ቤት ነው፣ አፈርሁ።

የሙሽራው አባት አቶ ቸኮል ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለው ቀበሌያቸው በዳማ ፈረሳቸው መጡ። በዚያ አካባቢ እንደሳቸው ፈረስ የሚጋልብ አልነበረም። ሲገቡ ቤቱ በሞላ ተነሣ። «ኖር! ኖር!» ይላል ሰው፤ እሳቸው «በእግዜር፣ በእግዜር» ይላሉ። አንዱ ወንበሩን ይለቃል፣ እምቢ ይላሉ። ሌላው ካባቸውን ጎትቶ ወደ ላይ ሊያሳልፋቸው ይሞክራል፣ እምቢ ይላሉ። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሰው አስነሥቶ መቀመጥ ሞት ነው። ሁሉም ቆሞ እየተገፋፋ ሳለ አቶ ቸኮል ግርግሩን ሊያበርዱ አጠገባቸው ያገኙት ዝቅተኛና ነጭ ዳንቴል የለበሰ ነገር ላይ ጎንበስ አሉ።

«በሞቴ አትነሡ! እኔ እዚችው ይበቃኛል» አሉ።

ጮህሁ። ከበሩ አጠገብ ሆኜ ባለኝ ድምፅ ጮህሁ። በዚያ ሁሉ «ኖር» መሐል የእኔን ጩኸት ማን ይስማው። ቀጥሎ የተሰማው የመስታወቱ ድምፅ ነው።

ዳንግላ ጉድ አለች።

ዳንቴሉ ቀይ ሲሆን አየሁ። አቶ ቸኮልን በጋሪ ወደ ሐኪም ቤት፣ ከዚያም በመኪና ወደ ባሕር ዳር ወሰዷቸው። ነፍሳቸው ተረፈች። የቀኝ ጭናቸው ጅማት ግን ተቆርጦ ነበርና እግራቸው ፈረስ የሚያቅፍበት ኃይል አጣ። እኔ ለቀናት እህል አልወረደልኝም። መንገድ ላይ «አስማረ መስታወቱ» ሲሉኝ ቀና ብዬ አላይም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ያሉኝም ነበሩ።

አያ ይርሳው «ብዬህ ነበር» አላሉኝም። በኋላም አንድም ቀን አላሉኝ። ከባድ ዝናብ በነበረበት በክረምቱ መግቢያ «ተነሥ እንሂድ» ብለው ይዘውኝ ወደ አቶ ቸኮል አገር ወጡ። ከደጃፋቸው ስንደርስ እሳቸው ድንጋይ አንሥተው አንገታቸው ላይ አደረጉ፤ ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ። ይቅርታ እንዲህ ነው የሚጠየቅ። ጭቃው ላይ ተደፋን።

አቶ ቸኮል በምርኩዝ ወጡ። «አውርዱት» አሉ። «ይርሳው፣ በዚህ ሽበትህ ምን ነካህ? ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው ወንበር ሲለቅልኝ እምቢ ያልሁ እኔ።» ከዚያ ወደ በረቱ አዩ። ዳማው ከአጥሩ በላይ አንገቱን አውጥቶ ይመለከታቸዋል። «እግሬስ ይሁን። ይኸ ፈረስ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ቆሞ ሲያየኝ ግን አልችለውም። ልሸጠው ነው።»

አያ ይርሳው ልብሳቸው ጭቃ እንደሆነ ወደ ፈረሱ ሄደው ጀርባውን ይዳስሱ ጀመር። ከዚያ ወደ አቶ ቸኮል መጥተው፣ «ይፍቀዱልኝ» ብለው ጭናቸውን በስንዝር ለኩ፤ በአዊኛ ሲቆጥሩ ይሰማኛል። «እስከ ጥር ጊዮርጊስ አይሽጡት» አሉ።

ኮርቻ ሊሠሩላቸው ነው። ተራ ኮርቻ አይደለም፤ የኋላው ጉብታ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎና ታጥፎ ጭኑን እንደ ክንድ የሚደግፍ። ችግሩ እንጨቱ ነው። ክረምት የተቆረጠ ዋንዛ ለጥር አይደርቅም። ከጣራው ሥር የተሰቀሉትን ሁለት ደረቅ መንታዎች ደግሞ እኔ ጠረጴዛ አድርጌያቸዋለሁ። አያ ይርሳው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄደው ከጓሮዋ የተጣለውን የጠረጴዛውን አጽም አወጡ፤ ችንካሩን አንኳኩተው አንደኛውን እንጨት ወሰዱ። ሌላውን እዚያው ተዉት።

«ሰው የጎዳ እንጨት ነው፤ አሁን ሰው ይሸከም» ብለው ሰጡኝና መሮውን አቀበሉኝ። «አንተ ትሠራዋለህ።»

ሠራሁት። ስንት ጊዜ እንደመለሱብኝ አላስታውስም። ግንድ ላይ አስቀምጠው ይቀመጡበታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ቀኝ እግራቸውን እንደ ሽባ ይለቁታል። «ይነክሳል።» እልጋለሁ። «ይነክሳል።» እፍቃለሁ። በሕዳር ሚካኤል ሰሞን አንድ ቀን ተቀምጠው ቆዩ። ያሸለባቸው መስሎኝ ነበር። «ይሂድ» አሉ።

አገሩ ሁሉ ፈረስ በሚጋልብበት በጥር ጊዮርጊስ ዕለት ፈረሰኞቹ ወደ ሜዳው ሲወርዱ እኔ ከሰው ኋላ ተደብቄ ነበር። አቶ ቸኮል ከሁሉ ኋላ ነው የመጡት። በዝግታ መጡ። ሜዳው ጋ ሲደርሱ ዳማውን አንድ ነገር አሉትና ፈረሱ ተፈተለከ። ጭናቸው ከእንጨቱ ንቅንቅ አላለም። አለቀስሁ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች «ምን ሆነ ይኸ?» ይሉ ነበር፤ ምን ብዬ ልንገራቸው።

ዳንግላን የለቀቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይቅር ብባልም መስታወት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር። አዘና ከተማ ሄጄ የትምህርት ቤት ዴስክ ሠራሁ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ዴስኩን ከበር ቆሞ ነው የሚፈትነው፤ ሰልፉ ቀጥ ካለ ቢንገዳገድም ግድ የለው። እኔ በየዴስኩ ላይ ስቀመጥ ሲያየኝ «ተማሪ ነህ?» ይለኝ ነበር። ከዚያ አዲስ ቅዳም፣ ከዚያ እንጅባራ የሙያ ትምህርት ቤት፣ በመምህርነት። የትም ቦታ ብዙ አልረጋሁም። ስለ ደሞዙ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ኖርንበት። አያ ይርሳው ሲሞቱ ሳጥናቸውን እኔ ሠራሁ። ከጠረጴዛው ሌላ እሳቸው ሳይቀመጡበት ከቤታቸው የወጣ ሥራዬ እሱ ነው።

ሙያውም ከእኔ ጋር አረጀ። ዋንዛ ጠፋ፤ ባላገሩ ለከሰል ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ይተክላል፣ አልፈርድበትም፣ ቶሎ ይደርሳል። ተማሪዎቼ ከአዲስ አበባ የመጣ ችፑድ፣ ያንን ከፍቅፋቂ የተጨመቀ ጣውላ፣ በብሎን ማያያዝ ይወዳሉ። ጉንጭ ላይ እንጨት አስጠጉ ስላቸው ተሳሳቁ። ችፑድ ጉንጭ ላይ ምን ይላል? ጡረታ ስወጣ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፤ ክፈፉ ፕላስቲክ ነው። ለእንጨት መምህር!

እንግዲህ ግቢውን በመዞር ላይ ሳለሁ ነው ባጃጇ የመጣችው። የኋላው ወንበር ላይ ኮርቻው እንደ ሰው ተቀምጧል። ከጎኑ ዶሮ ሲሰፍርበት የኖረ አንድ የጎበጠ እንጨት አለ። ሁለቱንም ከሩቅ አወቅኋቸው፤ የጠረጴዛዬ ሁለት እንጨቶች ናቸው።

የወረደችው ልጅ ህሊና ትባላለች። የዚያ ሠርግ ሙሽሮች ልጅ ናት፤ የወይዘሮ ጥሩወርቅም የአቶ ቸኮልም የልጅ ልጅ። ሁለቱም አያቶቿ አርፈዋል። እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ካፌ ልትከፍት ነው።

«ጋሼ፣ ይችን ይዩልኝ» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። የመጽሔቱ ጠረጴዛ ነው። ያው ራሱ። «አሁን ውጭ አገር እንዲህ ያለውን እየፈለጉ ነው። ቪንቴጅ ይሉታል።»

«ያረጀ ማለት ነው?»

«ያረጀ፣ ግን የሚወደድ።»

«እኔንም እንዲያ በሉኛ!»

«ማን ወዶህ?» አለች ውባለም ከወጥ ቤት።

ህሊና የምትፈልገው ግልጽ ነበር። ኮርቻው ይፈታ፣ እንጨቱ ይውጣ፣ ሁለቱ እንደ ጥንቱ ይገጠሙ፣ መስታወት ይቀመጥበት። አባቷ ፈቅዷል። «ኮርቻውን ከእንግዲህ ማን ይጭነዋል ጋሼ? አባባ ቸኮል የሉ፣ ፈረስም የለን። እርስዎ ካልሠሩልኝ ከባሕር ዳር የተሠራ እገዛለሁ፤ እነዚህ እንደሆነ መበስበሳቸው ነው።»

ያ ጠረጴዛ በሕይወቴ የሠራሁት ምርጥ ሥራ ነው፤ ሰው በወጉ እንኳ ሳያየው ነው ዳንቴል ውስጥ የሞተው። ዳግመኛ ሊቆም ነው። «ትተሽልኝ ሂጂ» አልኋት። እንደሄደች ቢላ አወጣሁና የኮርቻውን ቆዳ ስፌት መተርተር ጀመርሁ። አፍ አውጥቼ ልናገረው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቆዳውን ስገልጠው እንጨቱ በፈረስ ላብ ጠቁሯል። በቀኝ በኩል፣ እኔ በመሮ በፋቅሁት ቦታ ላይ፣ እኔ ያልሠራሁት ሸለቆ አለ። አንድ የሰው ጭን ዓመት ከዓመት ሲተኛበት የላገው ነው። ጉንጬን አስጠጋሁት። በመላጊያም በብርጭቆ ወረቀትም እንዲህ ያለ ልስላሴ አውጥቼ አላውቅም። ይኸን ጠረጴዛ ባደርገው መስታወቱ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ስኒ ሊቀመጥበት!

መርፌ አምጪ አልኋት ውባለምን። መልሼ ሰፋሁት።

ህሊና ስትመጣ «አልፈታውም» አልኋት። ፊቷ ጠቆረ። «ጠረጴዛውን ግን ታገኛለሽ። ለዶሮው እንጨት አዲስ ወንድም እሠራለታለሁ። ጊዜ ስጪኝ።»

«መክፈቻው ደርሷል እኮ ጋሼ!»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አያቶችሽን ጠይቂ እንዳልልሽ…» ብዬ ተውሁት። «የካፌውን መሐል ባዶ እተውለታለሁ» አለች።

ዋንዛ ከየት ይምጣ? በእኛ ሰፈር ያለው ዋንዛ አንድ ነው፣ እሱም ውባለም ልብስ የምታሰጣበት ከጓሯችን ያለው። ለስንት ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ፤ ከፍ ብሎ ለሁለት የሚከፈል ውብ መንታ አለው። እሷም እንደማየው ታውቃለች።

«አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ» አለች። «ከዚያ በኋላ ግን ትቀመጥልኛለህ።»

ቆረጥሁት፣ ጫፉን እበት ቀባሁት። የእንጅባራ ጉም እንጨት አያደርቅም፤ ዳንግላ ይሻላል ብዬ በሚኒባስ አናት ጭኜ የውባለም እኅት ቤት ክፈፍ ሥር ሰቀልሁት። በየሳምንቱ እየሄድሁ ጉንጬን አስጠጋለሁ። ይቀዘቅዘኛል። እመለሳለሁ። የሚኒባሱ ረዳት «ፋዘር፣ ዳንግላ ውሽማ አለዎት እንዴ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። አንድ ሽማግሌ ጋሪ ነጂ ደግሞ «አስማረ መስታወቱ! ደግሞ ማንን ልታስቀምጥ ነው?» አለኝ። በወጣትነቴ ቢሆን መንገድ እቀይር ነበር። «አንተን» አልሁት።

እንዲያ ያለ መቸኮል በዕድሜዬ አላየሁም። እጄ «ደርቋል» ይለኛል፤ ጉንጬ «ቆይ» ይላል። ህሊና ካፌዋን ከፈተች፤ መሐሉ ባዶ ነው። ትደውልልኛለች፣ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ደስ ይለኛል። በጋው አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት አስጠጋሁት፤ አልቀዘቀዘኝም።

ስሠራው እጄ ድሮ የሚያውቀውን መንገድ ራሱ አገኘው። አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ከፍታው። የድሮው እንጨት ልኩ ያው ነው፣ ከጉልበት በታች። ከሥሩ ብቀጥልበት ይበላሻል። አያ ይርሳው እንዳሉት ከጉልበት በታች ያለ ነገር ሁሉ መቀመጫ ከሆነ፣ ሰው አትቀመጥ ማለት አልችልም፤ ቢቀመጥበት የሚሸከም ማድረግ ነው ያለብኝ። ከባሕር ዳር ዛሬ የሚገኘውን ጽኑና ወፍራም መስታወት አዘዝሁ። በጭድ መሐል ቆሞ መጣ፤ መስታወት ተኝቶ አይጓዝም። ማረፊያዎቹ ላይ የብስክሌት ውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቆርጬ አደረግሁበት። ህሊና ቀድማ ወስዳ ቦታው አስቀመጠችው፤ እኔ ልብስ ልለውጥ ቀረሁ።

ከውባለም ጋር ስንደርስ ካፌው ሞልቷል። ኮርቻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው መሐል ላይ ቆሟል፤ በላዩ ነጭ ዳንቴል! የወይዘሮ ጥሩወርቅ የእጅ ሥራ ነው፤ አያቷን ለማሰብ ብላ ነው ያለበሰችው። መግባቴን አይተው ሁሉም ተነሥተዋል።

«ኖር ጋሼ! ኖር!»

ወንበር የሚለቅልኝ በዛ። አንዱ ክንዴን ይዟል፣ አንዷ ወደ ላይ ታሳልፈኛለች። ለካ እኔም ሽማግሌ ሆኛለሁ። ያ ቤት፣ ያ ግርግር፣ ያ ነጭ ጨርቅ። መሸሽ እችል ነበር። ግን አንድ ያልተፈተነ ሥራ ከቤቴ ወጥቶ መሐል ላይ ቆሟል፤ ሊፈትኑት የሚገባቸው ሰው የሉም፤ ነገ ደግሞ አንድ ጨዋ ባላገር እዚህ መግባቱ አይቀርም።

«በሞቴ አትነሡ» አልሁ። «እኔ እዚችው ይበቃኛል።»

ዳንቴሉን ገለጥሁና መስታወቱ ላይ ተቀመጥሁ።

ህሊና አፏን በእጇ ያዘች። ውባለም ጮኸች። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ እግሬን ለቀቅሁ፣ ሰማሁ። አንድም ድምፅ የለም። ከሥሬ ሁለቱ ዋንዛዎች፣ አሮጌውና አዲሱ፣ ያዙኝ። አይነክስም።

«ተነሥ አንተ ሰው! ኧረ ተነሥ!» አለች ውባለም፤ እጄን ትጎትታለች፣ እንባዋ ይወርዳል።

«ተይኝ ውባለም» አልኋት። «ትንሽ ልቀመጥ።»